ልጅ ነውርን ከማን ይማራል?

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር



የበዓሉ ኮሚቴ በዛሬው ዕለት ስለ ግብረ ገብ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት እንደ ተለመደው ተማሪዎችን ለመምከር ነበር። ነገር ግን በበዓል ቀን ምክር እንደሚበዛባችሁ ስለማውቅ፣ መካሪነቱን ለሌሎች ትቼ እኔ አንድ ጥያቄ ይዤ ብቀርብ ይሻላል አልሁ። ጥያቄውም ልጅ የሚገባውንና የማይገባውን፣ ጨዋነትንና ነውርን የሚማረው ከማን ነው፤ እንዴትስ አድርጎ ነው የሚል ነው። ለዚህ መልስ አናጣም የምንል ብዙዎች ነን። እኔም ከነዚያው አንዱ ነበርሁ። አለማወቄን የገለጠልኝ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው።

ነገሩ የሆነው ማስተማር በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት፣ በሌላ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። ልጁ ወላጆቹ ለብዙ ዘመን በአሜሪካ ኖረው ሲመለሱ አብሯቸው የመጣ ነበር። አንድ ቀን የቤት ሥራውን ሳይሠራ ስለ መጣ አስነሥቼ ተቆጣሁት። ሌላው ተማሪ ሁሉ እንዲህ ባለ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ፣ ጣቶቹን እያፍተለተለ መሬት መሬቱን ያያል። ይህ ልጅ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ዓይኑን ከዓይኔ ላይ አልነቅል አለ። «ምን ታፈጥብኛለህ?» ብለው ጭራሹን አተኩሮ ተመለከተኝ። ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። እኔም ተደፈርሁ ብዬ፣ ከደጅ አውጥቼ ከፀሐይ ላይ ሁለት ክፍለ ጊዜ አንበረከክሁት።

በማግሥቱ አባቱ መጡ። ትሑት ሰው ነበሩና አልተቆጡኝም። «መምህር፣ ልጄ አጥፍቷል፤ የቤት ሥራውን አልሠራም። ነገር ግን ባደገበት አገር መምህር ሲናገረው ዓይን ዓይኑን እንዲያይ ነው የተማረው። ያላየ እንደ ሆነ አላዳመጥህም፣ ወይም ዋሽተሃል ይባላል። ትናንት ያፈጠጠብዎ እያከበርዎ ነው» አሉኝ።

ይህን ቃል ሰምቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ስለ ዓይን የምንናገረውን ነገር ሁሉ ማሰብ ጀመርሁ። በቋንቋችን ድፍረት የበዛበትን ሰው «ዓይን አውጣ» እንለዋለን። ጭምት የሆነውን ደግሞ «ዓይነ አፋር» እንለዋለን፤ ይህንንም ስንል ብዙውን ጊዜ እያመሰገንነው ነው። እነዚህን ሁለት ቃላት በተናገርን ቁጥር ዓይን የት መዋል እንዳለበት ሕግ እያወጅን መሆናችንን ልብ አንልም። እኔም ሕጉን ከማን እንደ ተማርሁት ለማስታወስ ብሞክር አልቻልሁም። ቁጭ አድርጎ «ታላቅህ ሲቆጣህ መሬት ተመልከት» ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም። ሆኖም በደንብ አውቄዋለሁ፤ እንዲያውም ስለ እርሱ ሰው እስከ መቅጣት ደርሻለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈውን ካገኘሁበት እየፈለግሁ አነባለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ የተረፈኝን ነው።

በመጀመሪያ ከራሳችን ቤት እንነሣ። እንግዳ በመጣ ጊዜ ልጅ ውሃና ማስታጠቢያ ይዞ ይቀርባል፤ ከማን እንደሚጀምርም ያውቃል። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው ይነሣል። ዕቃ ሲያቀብል ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ነው። ከመሶብ ሲቀርብ ከፊት ለፊቱ ይቆርሳል እንጂ ወደ ሌላው ፊት አይሻገርም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በትምህርት መልክ የተነገረው ጥቂቱ ብቻ ነው። የቀረውን የተማረው በእናቱ ግልምጫ፣ ማንም ሳያይ በምትመጣ ቁንጥጫ፣ ታላቅ እኅቱ ስትመሰገን በመስማት፣ የጎረቤት ልጅ ሲነቀፍ በማየት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የአንተና የእርስዎ ነገር ነው። ልጆቻችን ለማን አንተ፣ ለማን እርስዎ እንደሚባል ትምህርት ቤት ሳይገቡ አውቀው ይጨርሳሉ። በአንዱ ቤት አባት እርስዎ ይባላል፤ በሌላው ቤት አንተ ነው፤ ልጁም የቤቱን አይስትም። ይህም ብቻ አይደለም። አያቱን፣ እንግዳውንና ቄሱን በአክብሮት እርስዎ የሚል ልጅ ወደ እግዚአብሔር ሲጸልይ «አንተ» ይላል። ከሁሉ የሚበልጠውን ስለምን አንተ እንለዋለን ብሎ የጠየቀኝ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ማንም ያላስተማረውን ሕግ ሁሉም ሳይስት ይጠብቀዋል።

በርግጥ አንዳንዱን ነገር አፍ ለአፍ እናስተምራለን። «እግዜር ይስጥልኝ በል እንጂ!» የማትል እናት የለችም። ይህ የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደን ውስጥ በሚኖሩት በካሉሊ ሕዝብ ዘንድ፣ የቋንቋ ተመራማሪዋ ባምቢ ሺፈሊን እንደ ጻፉት፣ እናት ልጇ ለሌላ ሰው የሚናገረውን ቃል ራሷ ትናገርና «ኤሌማ» ትለዋለች፤ እንዲህ በል ማለት ነው። ልጁም ተከትሎ ይላል።

በእኛ ዘንድ ሕፃን ሲያጠፋ «ተዉት፣ ነፍስ አላወቀም» ይባላል። ነፍስ ካወቀ ወዲያ ግን ቅጣት ይጀምራል። ይህን የመሰለ አነጋገር እጅግ ሩቅ በሆነ አገር፣ በሰሜን ካናዳ የበረዶ ምድር ውስጥ መኖሩን ባነበብሁ ጊዜ ገረመኝ። ጂን ብሪግስ የተባሉ የአንትሮፖሎጂ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1963 እስከ 1965 ባለው ጊዜ ኡትኩ በሚባሉት የኢኑይት ወገኖች መካከል፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንደ ልጅ ተቆጥረው ኖሩ፤ ያዩትንም በ1970 በመጽሐፍ አወጡት። ኡትኩዎች «ኢሁማ» የሚሉት ነገር አላቸው፤ ልቡና፣ ማስተዋል ማለት ነው። ሕፃን ኢሁማ የለውም፤ እያደገ ሲሄድ ይመጣለታል። እስከዚያ ድረስ በእርሱ ላይ መቆጣት ምንም አይጠቅምም። በሕፃን ላይ የሚጮህ ትልቅ ሰው ቢገኝ ሕፃን መስሎ የሚታየው እርሱ ራሱ ነው።

ልብ በሉ፤ እኛም እነርሱም ልጅ ነፍስ የሚያውቅበት ጊዜ አለው እንላለን። እኛ ግን ያን ጊዜ ቁንጥጫ እንጀምራለን፤ እነርሱ ያን ጊዜም አይቆጡም። ብሪግስ ይህ ሕግ ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ የተማሩት በራሳቸው ላይ ሲደርስ ነው። ከውጭ ዓሣ ለማጥመድ የመጡ እንግዶች የኡትኩዎቹን ታንኳ ተውሰው ሰበሩ፤ ሁለተኛውንም ለመዋስ ጠየቁ። ብሪግስ ለባለአገሮቹ ተቆርቁረው በእንግዶቹ ላይ ተቆጡ፤ የተሰማቸውንም በግልጽ ተናገሩ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሰደባቸውም፤ ውጪም ያላቸው የለም፤ ሲናገሩም በትሕትና ይመልሱላቸው ነበር። ብቻ ወደ ድንኳናቸው የሚመጣ ሰው ቀረ። ሦስት ወር ያህል እንዲህ ሆነው ኖሩ። አንድም ቃል ሳይነገራቸው ከሕፃን እንኳ የማይጠበቅ ነውር መሥራታቸውን ተረዱ።

እንግዲህ ሳይቆጡ፣ ሳይመቱ ልጅ እንዴት ይታረማል? ብሪግስ በ1998 ባሳተሙት ሌላ መጽሐፍ በባፊን ደሴት የምትኖር የአንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን አስተዳደግ ተርከዋል። ትልልቆቹ ጨዋታ እያስመሰሉ ከባድ ከባድ ጥያቄ ይጠይቋታል። እናትሽ ጥሩ ናት ወይ ይሏታል፤ ከእኔ ጋር መጥተሽ ትኖሪያለሽ ወይ ይሏታል፤ እንዲያውም ታናሽ ወንድምሽን ስለምን አትገድይውም እስከ ማለት ይደርሳሉ። ሕፃኗ ትደነግጣለች፤ እውነት የሚመስላት ጊዜ አለ። ነገር ግን በልቧ ውስጥ የተደበቀው ቅናትና ፍቅር ወጥቶ በፊቷ ይቆማል፤ የክፉ ሐሳብ ፍጻሜው ምን እንደሚሆን ራሷ ታስበዋለች። ጨዋታ መሆኑን ያወቀችና መታወክን የተወች ዕለት ጥያቄውም ይቀራል።

እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለልጄ ለማቅረብ አልደፍርም። ሆኖም ወላጆች ሆይ፣ ከመፍረዳችን በፊት የራሳችንን እናስታውስ። ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤት «ከእናትህና ከአባትህ ማንን ትወዳለህ?» ብለው ያላስጨነቁት ልጅ ከእናንተ ውስጥ አለ? «ይቺን ሕፃን እኔ ልውሰዳትና ታናሽ የሌለህ ሁን» ሲሉትስ፣ ትናንት ሲመታት የነበረው ልጅ ሮጦ እኅቱን አያቅፍም? ትልልቆቹ ይስቃሉ፤ ልጁ አይስቅም። እርሱ የሚወዳት መሆኑን በዚያች ደቂቃ ዐውቋል።

ወደ ነውር ልመለስ። በ1997 ፔጊ ሚለርና ሃይዲ ፈንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት አንድ ጥናት አለ። በታይዋን በታይፔ ከተማና በአሜሪካ በሺካጎ ከተማ የሁለት ዓመት ተኩል ልጆች ካሏቸው ቤተሰቦች ቤት እየሄዱ፣ ስለ ልጆቹ በቤት ውስጥ የሚወራውን ወሬ ይሰበስቡ ነበር። የታይፔ ወላጆች ልጁ ያጠፋውን ጥፋት ልጁ ራሱ እየሰማ በእንግዳ ፊት ይተርኩታል፤ ከታሪኩም ትምህርት ያወጡለታል። የሺካጎዎቹ ግን ስለ ልጃቸው ሲያወሩ ጥፋቱን ይተዉታል፣ ወይም በቀልድ ያሳንሱታል፤ ልጁ ራሱን እንዳይንቅ ይጠነቀቃሉ። የእኛ እናት ከሁለቱ ለየትኛዋ እንደምትቀርብ ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ሳልነግራቸው ዐውቀው እየሳቁ ነው። «ትናንት ምን እንዳደረገ ልንገርሽ?» ብሎ የሚጀምረውን ወሬ ሁላችንም በር ሥር ቆመን ሰምተነዋል።

ሃይዲ ፈንግ እንደሚሉት የታይፔ እናት ልጇን የምታሳፍረው ከሰው ልትለየው አይደለም፤ ከሰው ልትቀላቅለው ነው። ይህን አምናለሁ። ያው ነገር ግን ስፍራውን ሲለቅ ሌላ ይሆናል። እናት በጓዳ ውስጥ፣ ከሚወዱት ሰዎች መካከል የምታደርገውን እኛ መምህራን በስድሳ ተማሪ ፊት ስናደርገው ልጁ የሚማረው ያጠፋውን ነገር አይደለም፤ የሚማረው የሳቁበትን ልጆች ስም ነው።

እንዲያውም የልጅ ዋና አስተማሪ ልጅ ነው የሚሉ አሉ። ጆሴፍ ቶቢንና ሁለት ባልደረቦቻቸው የቻይናን፣ የጃፓንንና የአሜሪካን መዋዕለ ሕፃናት በፊልም ቀርጸው ፊልሙን ለየአገሮቹ መምህራን ካሳዩ በኋላ በ1989 መጽሐፍ አሳትመዋል። በጃፓኑ ፊልም ላይ ሂሮኪ የተባለ የአራት ዓመት ልጅ ሲያውክና ጓደኞቹን ሲመታ ይታያል። አንዲት ልጅ ልትከሰው ስትመጣ መምህርቷ ሂጂና ራስሽ አንድ ነገር አድርጊ ብላ መለሰቻት። አሜሪካውያኑ ተመልካቾች ይህች መምህር ሥራዋን ትታለች አሉ። የጃፓን መምህራን ግን ትልቅ ሰው ጣልቃ ከገባ ልጆች አብሮ መኖርን ከማን ይማሩታል ብለው መለሱ። በአንድ መምህርት ሥር ሠላሳ ያህል ሕፃናት መኖራቸውንም እንደ ጉድለት አላዩትም፤ ብዙ ልጅ ማለት ብዙ አስተማሪ ማለት ነውና። (የእኛ ክፍል የሚበዛው ግን በዚህ ፍልስፍና ሳይሆን በክፍል እጥረት መሆኑን ኮሚቴው እንዲያውቀው ያስፈልጋል።)

ልጆች ለሕግ ጠባቂ የሚሆኑት ከምናስበው ቀድመው ነው። በ2008 በጀርመን አገር ሐንስ ራኮቺ፣ ፌሊክስ ቫርኔከንና ማይክል ቶማሴሎ ለሕፃናት ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁትን አንድ ጨዋታ አሳዩአቸው። ቀጥሎም አንድ አሻንጉሊት መጥቶ ያንኑ ጨዋታ እጫወታለሁ ብሎ በሌላ መንገድ ሠራው። የሦስት ዓመት ሕፃናት ዝም አላሉም፤ «እንዲህ አይደለም!» እያሉ ተቃወሙ። ሕጉን ከተማሩት ገና ጥቂት ደቂቃ ቢሆናቸው ነው፤ ቢጣስም የሚጎዳ ሰው አልነበረም።

ይህ የአንድ አገር ጠባይ ይሆን ብለው ፓትሪሲያ ካንጊሰርና ባልደረቦቻቸው ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት የሆናቸውን የስምንት የተለያዩ ማኅበረሰቦች ልጆች መረመሩ፤ ውጤቱንም በ2022 አወጡ። ቁርጥራጭ ዕቃዎችን ለአንዱ ልጅ በቀለም፣ ለሌላው በቅርጽ መለየት ያስተምሩታል፤ ከዚያም አንደኛው ሌላኛው ሲጫወት እንዲያይ ያደርጋሉ። በስምንቱም ዘንድ ልጆች የተለየ ሕግ የተከተለውን ሲያዩ ጣልቃ እየገቡ አረሙት። የሚያርሙበት መንገድና መጠን ግን ይለያያል፤ የገጠር ልጆች ከከተማ ልጆች ይልቅ ደጋግመው ሲያርሙ ተገኙ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ከነዚህ ሕፃናት ያጠፋ ማንም የለም። ሁለቱም የተማሩትን በትክክል ይሠራሉ፤ የተማሩት የተለያየ መሆኑን ብቻ አያውቁም። እኔና ያ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆንነውም ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ አለመሆኔና እርሱን ለማንበርከክ ሥልጣን ያለኝ መሆኔ ነው።

ተማሪዎች፣ ብይ መጫወት የምትወዱ ታናናሾች ካሏችሁ ይህን ልብ ብላችሁ ስሙ። ስዊሳዊው ሊቅ ዣን ፒያዤ በጄኔቭና በኔሻቴል ከልጆች ጋር ተቀምጠው «ብይ አስተምሩኝ» እያሉ አብረው ይጫወቱ ነበር። በ1932 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደ ጻፉት፣ ትንንሾቹ የጨዋታው ሕግ ከአባቶች፣ ከእግዚአብሔርም የመጣ ነው፣ ከቶ አይለወጥም ይላሉ፤ ሲጫወቱ ግን እንደ ፈቀዳቸው ነው። ዐሥርና ዐሥራ አንድ ዓመት ያለፋቸው ግን ሁላችን ከተስማማን ሕጉን መለወጥ እንችላለን ይላሉ፤ የተስማሙበትን ሕግ ደግሞ አጥብቀው ይጠብቁታል። ይህን ለመፈተን ወደ ስዊስ መሄድ አያሻም። በሰፈራችሁ ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱትን ሕፃናት «መስመሩን ብንለውጠውስ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

ይሁንና ሁሉም ነገር በየትም አንድ ነው ለማለት አይደለም። በ2015 በታተመ አንድ ጥናት በካናዳ፣ በአሜሪካ፣ በሜክሲኮ፣ በፔሩ፣ በሴኔጋል፣ በኡጋንዳና በሕንድ ልጆችን ሁለት ሁለት አድርገው ምግብ አካፈሏቸው። አንደኛው ልጅ ድርሻውን አልቀበልም ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ከጓደኛው ያነሰ ሲደርሰው አልፈልግም የሚል ልጅ በሰባቱም አገር ተገኘ። ከጓደኛው የበለጠ ሲደርሰው አልፈልግም የሚል ግን የተገኘው በሦስቱ ብቻ፣ በካናዳ፣ በአሜሪካና በኡጋንዳ ነው፤ እርሱም ልጆቹ ከፍ ካሉ በኋላ ነው። ሲያንስብን መከፋት የትም የማይጠፋ ይመስላል፤ ሲበዛልን ማፈር ግን ያደግንበትን ቤት የሚከተል ነገር ነው። በእኛ አገር ቢደረግ ምን እንደሚገኝ ከእናንተ መካከል ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱት ቢመረምሩት ደስ ይለኛል።

አሁን ይህን ሁሉ ለምን እንዳነሣሁ ልናገር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሠላሳ ስድስት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ከነርሱ ልጆች ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ገብተው መምህሩ ሲናገራቸው፣ እናታቸው እንዳሳደገቻቸው፣ ዓይናቸውን ሰበሩ። መምህሩም ወይ አልገባውም፣ ወይ የሚደብቀው አለ ብሎ ያስብ ነበር። ልጆቹ «ይህ አክብሮት ነው» ብለው ሊያስረዱ አልቻሉም፤ አክብሮት መሆኑን ማንም በቃል ነግሯቸው አያውቅምና። የእኔም ተማሪ በዚያ ቀን ሊያስረዳኝ ያልቻለው ስለዚሁ ነው።

በዚህ ትምህርት ቤትም በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሦስት ልጆች ከሦስት ቤት የመጡ ናቸው። አንዱ የገጠር ልጅ ነው፤ አንዱ ከሌላ ክፍለ አገር መጥቶ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ ነው፤ አንዷ በከተማ አድጋ ከአባቷ ጋር ስትከራከር የኖረች ናት። ሦስቱም ያልተጻፈ ሕግ ይዘው ገብተዋል። መምህራን ባልደረቦቼን የምለምነው ዱላውን ወይም ቃሉን ከመሰንዘራችን በፊት «በቤታችሁ ይህ እንዴት ነው?» ብለን እንድንጠይቅ ነው። ወላጆችንም የምለምነው ልጁ አውቆት የሚወለድ የሚመስላችሁን ነገር አንዳንድ ጊዜ በቃል እንድትነግሩት ነው፤ ከቤታችሁ ወጥቶ ሌላ ቤት ሲገባ የሚናገረው ቃል እንዲያገኝ።

ያ ተማሪ ምን ሆነ የምትሉ ትኖራላችሁ። አባቱ ከሄዱ በኋላ አስጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ያንበረከክሁት በጓደኞቹ ፊት ስለ ነበር ይቅርታውም በጓደኞቹ ፊት መሆን ነበረበት። እኔ ግን በመምህራን ክፍል ውስጥ፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ጠየቅሁት፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሰው ፊት ስናገረው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ያን ጊዜ ስናገረው አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር። እርሱም እንደ ለመደው ዓይኔን ፈለገ፤ አላገኘውም።